ወንዙ የቆረጠው፣ ናዳ ያሰፋው

ስለ ዓባይ ሸለቆ ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥልቀቱ ነው። እኔን ግን በዚያ መንገድ በተመላለስኩ ቁጥር ይበልጥ ሲያስገርመኝ የኖረው ስፋቱ ነው። ጥቅምት ላይ አየሩ ሲጠራ ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የደጀንን ገደል ጥርት አድርጎ ስለሚያየው ማዶው ቅርብ ይመስለዋል። ሆኖም በሁለቱ አፋፎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየተጠማዘዘ የሚወርደውና የሚወጣው የመኪና መንገድ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከታች የሚፈሰውን ወንዝ የሚያሻግረው አዲሱ ድልድይ ግን ርዝመቱ 303 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያህል ጠባብ ወንዝ ያን ያህል ሰፊ ሸለቆ እንዴት ሊያወጣ ቻለ?

መልሱ፣ ብቻውን አላወጣውም የሚል ነው። ወንዙ የቆረጠው ጥልቀቱን ነው፤ ስፋቱን የሠራው ናዳ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የሸለቆውን መልክም፣ በውስጡ የሚኖረውን ገበሬ ኑሮም፣ በየጊዜው የሚጠገነውን መንገድ ነገርም በትክክል ይረዳዋል ብዬ አላምንም።

ነገሩን ለማየት ከላይ ወደ ታች በዝግታ መውረድ ይበቃል። ጎሃ ጽዮን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የወንዙ ወለል ከእርሷ ከ1,400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁልቁለቱ እንደጀመረ የሚያጋጥመው ባዛልት ነው፤ ግንበኞቻችን ጥቁር ድንጋይ የሚሉት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ሲቀዘቅዝ በቁሙ ስለተሰነጣጠቀ፣ ሲፈርስም በቁሙ ይፈርሳል፤ በአፋፉ ዙሪያ የሚታየው ቀጥ ያለ ጥቁር ገደልም የመጣው ከዚህ ነው።

ከባዛልቱ ሥር በአሸዋ ድንጋይና በጭቃ ድንጋይ ንብርብር አልፈን እስከ 400 ሜትር የሚወፍረው የኖራ ድንጋይ ላይ እንደርሳለን። አንድ ጊዜ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሞተሩ ግሎ ረዳቱ ውሃ እስኪጨምርለት ድረስ ስንጠብቅ፣ ለመንገዱ ከተቆረጠው ግድግዳ ሥር የወደቀ ስባሪ አነሳሁ። ድንጋዩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ ነበር፤ በአንዱ ገጹ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ ቅርፊት ተጣብቆ፣ መስመሮቹ በጣት ሲዳሰሱ አንድ በአንድ ይለያሉ። ዛሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከየትኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀ ቦታ፣ በጁራሲክ ዘመን ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የዚህ ኖራ ድንጋይ ሳይንሳዊ መጠሪያ አንታሎ ነው፤ መቀሌ አካባቢ ካለችው አንታሎ የተወሰደ። ያው ባሕር ትግራይንም ጎጃምንም ሸዋንም በአንድነት ሸፍኖ ስለነበር፣ መቀሌ ዙሪያ ያለ ሰው በየቀኑ የሚረግጠው ድንጋይ እዚህ በገደሉ ወገብ ላይ ብቅ ይላል።

ከኖራ ድንጋዩ በታች ያለው ንብርብር መጠሪያውን ያገኘው ከራሷ ከጎሃ ጽዮን ነው። ወደ 450 ሜትር የሚወፍር ሲሆን፣ ጂፕሰም፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ቅጠላማ ድንጋይና ዶሎማይት እየተፈራረቁ ይገኙበታል። ጂፕሰሙ የተፈጠረው ያ ባሕር ገና ወደ ውስጥ በሚገባበት ዘመን በዳርቻው የተዘጋው ውሃ በፀሐይ ሲተን ነው። ነጭ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይፈልጉታልና ከዚህ ሸለቆ እየተቆፈረ ይወሰዳል። በመጨረሻም ከሁሉ ሥር፣ 300 ሜትር ያህል የሚወፍረውና ወደ ቀይ የሚያደላው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ወንዙ በድልድዩ አካባቢ የሚፈሰው በእርሱ መካከል ነው። ከዚህ የሚያረጀው የመሠረት ድንጋይ በዚህ ቦታ አይታይም፤ ወንዙ ወደ ምዕራብ ርቆ ሲሄድ ነው የሚገለጠው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ አቀማመጥ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ከላይ ባዛልትና ኖራ ድንጋይ አሉ፤ ጠንካራ ግን የተሰነጣጠቁ። ከሥራቸው ጭቃ ድንጋይና ጂፕሰም አለ፤ ደካማ፣ ውሃን የማያሳልፍ። የክረምት ዝናብ በደጋው ላይ ይወርድና በባዛልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፤ ከጭቃው ንብርብር ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ላዩ የተጫነውን ክብደት መሸከም ያቅተዋል፤ ጂፕሰሙም እየሟሟ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያን ጊዜ በላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ እንደቆመ ይንሸራተታል። አንዳንዴ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ናዳ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በየክረምቱ ጥቂት እየፈቀቀ፣ በበጋ ደግሞ እያረፈ ለብዙ ዘመን የሚሄድ ነገር ነው። በመንገዱ መካከል፣ ነጩ ኖራ ድንጋይ በሚታይበት ቦታ ላይ፣ ቤት የሚያክል ጥቁር ቋጥኝ ተቀምጦ የሚያይ መንገደኛ ከየት እንደመጣ ላያስብ ይችላል፤ የመጣው በመቶዎች ሜትር ከፍ ብሎ ካለው አፋፍ ነው።

ወንዙ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ከታች ሆኖ ማጽዳት ነው። ከጎንና ጎን የወረደው ፍርስራሽ ወደ እግሩ በደረሰ ቁጥር ያጥበዋል፣ ይወስደዋል፤ የተዳፋቱ እግር ስለሚበላም ከላይ ያለው እንደገና መደገፊያ ያጣል። ስለ ዓባይ በተነሳ ቁጥር ግንድ ይዞ መዞሩ ይጠቀሳል፤ ግንዱ ግን ከሚሸከመው ሁሉ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የከርሰ ምድር ጥናት ዓባይና ገባሮቹ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ላይ ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ድንጋይና አፈር ቆርሰው እንደወሰዱ ገምቷል። የዚያው ጥናት አዘጋጆች ቁፋሮው የተጀመረው ከ29 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባዛልቱ ፈስሶ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን፣ መጀመሪያ ላይ አዝጋሚ እንደነበር፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ እንደፈጠነና ከ6 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ደግሞ ይበልጥ እንደበረታ ይናገራሉ። ምክንያቱ የደጋው ከፍ ማለት ነው፤ መሬቱ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ወንዙ ወደ ታች የመቁረጥ ኃይል ያገኛል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ መንገዱን የማይበት ዓይን ተለውጧል። የአዲስ አበባ–ደብረ ማርቆስ መንገድ በዚህ ቁልቁለት ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ አዲሱም ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ተመርቆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አስፋልቱ በአንዳንድ ቦታዎች መጨማደድና መሰንጠቅ ጀመረ፤ የመንገዱ ጠርዝ በአንድ በኩል ሰምጦ በሌላው በኩል አብጦ ይታያል። በአውቶቡስ ውስጥ ይህን የሚያይ ተሳፋሪ ሁሉ ሥራ ተቋራጩን ይረግማል። እኔ ግን እርግማኑ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ድልድዩ በጠንካራው አሸዋ ድንጋይ መካከል ስለተተከለ ጸንቶ ቆሟል፤ መንገዱ ግን አብዛኛው የሚሄደው በሚንቀሳቀሰው ፍርስራሽና በጂፕሰሙ ንብርብር ላይ ነው፤ የፈለገውን ያህል አስፋልት ቢወፍር ከሥሩ ያለው መሬት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። የጃፓንና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች በጋራ ባደረጉት የናዳ ጥናት ትኩረት ያገኘው ይኸው ከመሬት ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃውን ቀድሞ ማስወጣት ከተቻለ መሬቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተሳቢ የሚነዱ ሾፌሮች ይህን ሁሉ ሳያነቡ ያውቁታል። ማርሽ ቀንሰው፣ ፍሬናቸው እየሸተተ ሲወርዱ የትኛው ኩርባ ላይ መሬቱ እንደሚሰምጥ በቃላቸው ይዘውታል፤ ክረምት ሲወጣ ደግሞ ዕውቀታቸውን ያድሳሉ።

በደጀን በኩል፣ ኩራር በሚባለው አካባቢ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በማሽላ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። መሬቱ ላይ በጎን የሚሄድ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። «አባባ፣ ይህ ዘንድሮ የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የዘንድሮውማ ትንሽ ነው ልጄ» አሉኝ። «ያ ዋርካ ይታይሃል? እኔ ልጅ ሳለሁ ከደጃችን በላይ ነበር። አሁን ከደጃችን በታች ነው። ዘመም አለ እንጂ አልወደቀም፤ እንደቆመ ነው የሄደው።» ታዲያ ለምን አይለቁም ብዬ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝና፣ ውሃው ያለው እዚህ ነው አሉ። ልክ ናቸው። ምንጭ የሚፈልቀው ውሃ የሚያሳልፈው ድንጋይ ከማያሳልፈው በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው፤ መሬት የሚንሸራተተውም በዚያው መስመር ላይ ነው። ናዳው የተፈጨ ድንጋይና አፈር ቀላቅሎ ስለሚያወርድ በገደሉ መካከል ረባዳ እርከኖችን ይፈጥራል፤ በሬ ጠምዶ ማረስ የሚቻለው በእነዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ሊታረስ የሚችል ቦታ ማለት ከሞላ ጎደል አንድ ጊዜ የወረደ ቦታ ማለት ነው፤ ለሰፋሪው ለም አፈርና ምንጭ የሰጠው ናዳ ማሳውን ሊወስድበትም ይችላል።

ከላይ እስከ ታች ያለው የአየር ልዩነትም ከዚህ ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። በደጋው ዋልካ ላይ ጤፍና ስንዴ ይዘራል፤ በመካከለኛው እርከን ማሽላ ይበዛል፤ ከዚያ በታች ግራርና የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ ወባ የማይጠፋበት በረሃ ነው። ሕዝቡም «የዓባይ በረሃ» የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ አገር ወንዝ ዳር ከተማ ይበቅላል፤ የእኛ ታላቅ ወንዝ ግን ከጣና በታች ወደ ሱዳን ድንበር እስኪቃረብ ድረስ በዳርቻው አንድም ትልቅ ከተማ የለውም። ደጀንም ጎሃ ጽዮንም የተቀመጡት በአፋፍ ላይ ነው።

ይህ ሲባል ሸለቆው ሰውን ከሰው ለይቶ ኖረ ማለት እንዳይመስል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃም ውስጥ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ደቡብ በሚመጣ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የታወቀ ነበር፤ ነጋዴው በበጋ መልካውን እየፈለገ፣ ዋናተኛ እየቀጠረ፣ የተነፋ ስልቻ ይዞ ይሻገር ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፤ የንግዱም የጦርነቱም ዘመን አቆጣጠር በወንዙ ሙላት ይወሰን ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር የተዋጉት ወንዙን ተሻግረው፣ በዚሁ የደቡብ ንግድና ግዛት ምክንያት ነው። ከገባሮቹ ሸለቆዎች ጋር የታገሉትን ካነሳን ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን የሚያህል የለም። በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ማቋረጥ ነበረባቸው፤ በእያንዳንዱ ገደል ላይ መውረጃና መውጫ መንገድ እየተጠረበ ነው መድፉ ያለፈው። ሰውና በቅሎ ለሺህ ዓመት በእግር መንገድ ሲያልፉት የኖሩት ገደል፣ ለመንኮራኩር ሲሆን ምን ያህል ሌላ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ታይቷል።

በነገራችን ላይ፣ በጉብኝት ማስታወቂያዎች ላይ ይህንን ሸለቆ ከአሜሪካው ግራንድ ካንየን ጋር እያመሳሰሉ መጥራት የተለመደ ነው። አልወደውም። ያኛው በደረቅ ምድር ስለሚገኝ ድንጋዩ ራቁቱን ቆሞ ንብርብሩ ከሩቅ ይነበባል። የእኛው በየክረምቱ ከባድ ዝናብ ይወርድበታል፤ ተዳፋቱ አፈር ለብሷል፣ ታርሷል፣ ተንሸራቷል፣ ስለዚህ ንብርብሩን ለማንበብ መውረድና መንገድ የተቆረጠበትን ግድግዳ መፈለግ ያስፈልጋል።

የወንዙ መንገድ ራሱ ጠማማ ነው። ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል፤ ጎጃምን በሦስት አቅጣጫ ከብቦት ሊያበቃ ወደ ሱዳን ይዘልቃል። የክቡ መካከል ጮቄ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚል፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባዛልቱ ደጋ ላይ የበቀለ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ። ከጮቄ እንደ ሙጋ፣ ጨሞጋና ተምጫ ያሉ ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው ዓባይን ይገናኛሉ። በማዶው በኩል ደግሞ በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገርና ጉደር እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥልቅ ሸለቆ ቆፍረው ስለሚመጡ፣ መርሐ ቤቴንና ደራን የመሰሉ አገሮች በገደል ተከበው ቀርተዋል።

የሸለቆውን የልጅነት መልክ ማየት ለሚፈልግ ግን የሚሻለው ከደጀን ይልቅ ጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪርቅ ድረስ ወንዙ በሜዳ ላይ ሰፍቶ፣ ደሴት እየሠራ በዝግታ ይሄዳል። ከዚያ በድንገት ከ40 ሜትር በላይ ይወረወርና ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የሚወረወርበት ድንጋይ ከደጀኑ ባዛልት እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ የቀድሞውን የወንዝ ሸለቆ ሞልቶ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራው የአላታ ድልድይ ከፏፏቴው በታች ያንን ስንጥቅ ይሻገራል፤ አንድ ሰው በጥቂት ደቂቃ በእግሩ ተራምዶ ያልፈዋል። እዚያ ወንዙ ብቻውን ነው የቆፈረው፤ ናዳ ገና አልደረሰም። ከታች ደካማ ጭቃ ስላልተገለጠ፣ ግድግዳውም አዲስ ስለሆነ ሸለቆው የወንዙን ያህል ብቻ ሰፍቷል። በአላታና በደጀን መካከል ያለው የስፋት ልዩነት የወንዙ ኃይል ልዩነት ሳይሆን የዕድሜና የድንጋይ ልዩነት ነው።

ፏፏቴ ከሥር እየተቦረቦረ ወደ ላይ ማፈግፈጉ አይቀርምና፣ ሸለቆው በጢስ ዓባይ በኩል ወደ ጣና አቅጣጫ እየረዘመ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ግን በዚህ ሥራ ውስጥ እጁን አስገብቷል። በ1988 ዓ.ም. የጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ከፏፏቴው ተነጥሎ በቦይ መሄድ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ ምዕራብ ወስዶ በበለስ ወንዝ በኩል መልቀቅ ጀመረ። ይህ ውሃ ጎጃምን አይዞርም፤ በአላታ ሥር አያልፍም፣ ደጀንንም አያይም፤ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ወንዙ ሸለቆውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ፣ የሕዳሴው ግድብ በተሠራበት አካባቢ ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ ወንዙ በድንበር ላይ ከሚይዘው ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ስለሆነ ደጀን ሥር ያለው ዓባይ ይህን ጉድለት ብዙም አይሰማውም፤ እርሱን የሚሞሉት ከወሎ፣ ከሸዋና ከጮቄ የሚወርዱት ገባሮች ናቸውና ክረምት በመጣ ቁጥር የተዳፋቱን እግር መብላቱን ይቀጥላል። የፏፏቴው ቁፋሮ ግን አሁን ከበጋው ይልቅ ጨረጨራ በሚከፈትበት የክረምት መጨረሻ ላይ ተወስኖ ቀርቷል።